ሴፕሲስን በድንገተኛ ክፍል ማወቅና ማከም፦ ትንፋሽን ስለ መቁጠር



በጠቅላላ ሐኪምነት ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት ካከምኳት አንዲት አራስ ልነሣ። በወለደች በ5ኛው ቀን ቤተሰቦቿ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይዘዋት መጡ። እናቷ «ዶክተር፣ ብርድ መትቷት ነው፤ ከትናንት ጀምሮ ትዘባርቃለች» አሉኝ። ካርዷ ላይ ሙቀቷ 36.1፣ የደም ግፊቷ 100 በ60፣ ትንፋሿ በደቂቃ 20 ተብሎ ተጽፏል። ትኩሳት የላትም ብዬ ተረጋጋሁና ወደ ሌሎች ሕመምተኞች ሄድኩ። ከ3 ሰዓት በኋላ ስመለስ እጅና እግሯ ቀዝቅዞ ነበር፤ ትንፋሿን ራሴ ብቆጥረው 38 ሆነ። ማሕፀኗ ውስጥ የእንግዴ ልጅ ቅሪት ነበረ። በማግስቱ ንጋት ላይ አረፈች።

ያ 20 ከየት እንደመጣ እዚህ ያለን ሁሉ እናውቃለን። ማንም ሳይቆጥር የሚጻፍ ቁጥር ነው። በካርዶቻችን ከሄድን፣ ሕዝባችን በአተነፋፈስ ረገድ አስደናቂ አንድነት አለው።

በተለምዶ «የደም መመረዝ» የምንለው ሴፕሲስ፣ ስሙ እንደሚያስመስለው በደም ውስጥ የገባ መርዝ አይደለም። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው ብያኔ እንደሚለው፣ ሰውነት ለኢንፌክሽን የሚሰጠው ምላሽ ከሥርዓት ወጥቶ የገዛ ብልቶቹን ሲጎዳና ሕይወትን ለአደጋ ሲያጋልጥ ነው። ስለዚህ ፍለጋችን የተጎዳውን ብልት እንጂ ትኩሳትን ብቻ መሆን የለበትም። ከባድ ሴፕሲስ የያዘው ሰው፣ በተለይ አረጋዊ ወይም የመከላከል አቅሙ የደከመ ከሆነ፣ ሰውነቱ ሊቀዘቅዝም ይችላል።

ትንፋሽ ቀድሞ የሚፈጥነው ለምንድን ነው? ሕብረ ሕዋሳት ሲጎዱ ላክቴት ይከማቻል፤ ደም ወደ አሲድነት ያዘነብላል፤ ሳንባም ካርቦን ዳይኦክሳይድን ቶሎ ቶሎ በማስወጣት ለማካካስ ይሞክራል። በወጣት ሰው ግን ልብ ምቱን እያፈጠነ ግፊቱን ስለሚደግፈው፣ የግፊት መለኪያው እውነቱን የሚናገረው ዘግይቶ ነው። በደቂቃ 22 እና ከዚያ በላይ የሆነ ትንፋሽ፣ የአእምሮ መደናገር፣ 100 ወይም ከዚያ በታች የሆነ የላይኛው ግፊት፦ ከሦስቱ ሁለቱ ከታዩ ስጋቱ ከፍ ያለ ነው። አንዱም አልታየም ተብሎ ግን ሴፕሲስ የለም አይባልም። ያቺ አራስ፣ ቁጥሩ ውሸት ሆኖ ሳለ እንኳ፣ ሁለቱን አሟልታ ነበር። እኔ አላነበብኩትም።

ድንጋጤ ውስጥ የገባ ሕመምተኛ አንቲባዮቲክ በ1 ሰዓት ውስጥ ማግኘት አለበት። ለደም ካልቸር ናሙና አስቀድሞ መውሰድ ተገቢ ነው፤ ካዘገየን ግን ይቅር። ድንጋጤ ከሌለና ምርመራው አጠራጣሪ ከሆነ እስከ 3 ሰዓት ድረስ ማጣራት ይቻላል። መግል ካለ ይፍሰስ፤ የእንግዴ ልጅ ቅሪት ካለ ይውጣ፤ ያለዚያ መድኃኒቱ ብቻውን አይበቃም።

ስለ ፈሳሽ ግን ረዘም አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ። የ2021 ዓለም አቀፍ መመሪያ በመጀመሪያዎቹ 3 ሰዓታት ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ቢያንስ 30 ሚሊ ሊትር ይመክራል፤ ምክሩ ግን ደካማ ተብሎ የተመደበ ነው። በኡጋንዳ፣ በኬንያና በታንዛንያ ትኩሳትና የደም ዝውውር ችግር በነበረባቸው ሕፃናት ላይ ተካሂዶ በ2011 የታተመው ጥናት ብዙዎቻችንን አስደንግጧል። በ48 ሰዓት ውስጥ በፍጥነት ፈሳሽ ከተሰጣቸው 10.5 በመቶ ያህሉ ሲሞቱ፣ ካልተሰጣቸው የሞቱት 7.3 በመቶ ነበሩ። በ2017 ከዛምቢያ የወጣው የአዋቂዎች ጥናትም፣ አብዛኞቹ ኤች.አይ.ቪ. በደማቸው ባለባቸው ሕመምተኞች ላይ፣ ፈሳሽ በብዛት የሚያዝዘው ሥርዓት ሞትን ከ33.0 ወደ 48.1 በመቶ ከፍ እንዳደረገ አሳይቷል። የጽኑ ሕሙማን አልጋና የመተንፈሻ መሣሪያ በማይበቃበት ቦታ፣ ሳንባው ውሃ የሞላ ሰው የሚያርፍበት የለውም።

ቤተሰብ የእኛን ትጋት የሚለካው በተንጠለጠለው «ግሉኮስ» ብዛት መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም 500 ሚሊ ሊትር ከሰጣችሁ በኋላ ተመለሱ፤ ትንፋሹን ቁጠሩ፤ የሳንባውን ግርጌ አዳምጡ። የጣቱን ጫፍ 10 ሰከንድ ተጭናችሁ ልቀቁት፤ የደሙ ቅላት ለመመለስ ከ3 ሰከንድ በላይ ከወሰደበት ዝውውሩ ገና አልተስተካከለም። ትንፋሹ እየፈጠነ ሳንባው ማንኮራኮር ከጀመረ ፈሳሹን አቁማችሁ አማካይ ግፊቱን 65 ለማድረስ ኖርኤፒነፍሪን ጀምሩ፤ ከሌለ አድሬናሊን። ማዕከላዊ መስመር እስኪገባ አትጠብቁ፤ በክንድ ደም ሥር፣ በቅርብ እየተከታተሉ፣ መጀመር ይቻላል።

ለሰኞው የክፍል ጉብኝት ሁላችሁም የሰከንድ ቆጣሪ ያለው የእጅ ሰዓት አድርጋችሁ ኑ። ሙሉ አንድ ደቂቃ እንቆጥራለን፤ በ15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት አይፈቀድም። አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።