መተግበሪያው ለምን ከመጀመሪያው ይነሳል?

ባለ 2 ጊጋ ራም ስልክ የያዘ ሰው ይህን ያውቀዋል። የክፍያ መተግበሪያ ከፍቶ የተቀባዩን ቁጥርና የገንዘቡን መጠን ይሞላል። የማረጋገጫ ኮዱን ሊያይ ወደ መልእክት ይወጣል። ሲመለስ የሞላው ሁሉ የለም፤ መተግበሪያው ከመጀመሪያው ገጽ ይጀምራል። ገጠርም ይሁን አዲስ አበባ፣ ሰው «ኔትወርክ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የኔትወርክ ሳይሆን የራም ነው።

ፎቶው፣ ዘፈኑና የተጫነው መተግበሪያ የሚቀመጥበት ማከማቻ ጎተራ ቢሆን፣ ራሙ መሶብ ነው፤ አሁን የሚበላው ብቻ ይቀርብበታል። ስለዚህ 32 ጊጋ ማከማቻ ያለው ስልክ በ1 ጊጋ ራም ሃንግ ቢያደርግ አይገርምም። ከዚያችው ራም ላይ ደግሞ ስልኩ ራሱን ለማንቀሳቀስ ትልቁን ድርሻ ይወስዳል።

ራሙ ሲጠብ አንድሮይድ ባለቤቱን አያማክርም። የተከፈቱትን መተግበሪያዎች በደረጃ ይዟቸዋል፤ ዓይን ፊት ያለው መጨረሻ የሚነካ ሲሆን፣ ከጀርባ ሥራ ፈተው የተቀመጡት ቀድመው ይዘጋሉ። ተጠቃሚው ኮዱን ሊያነብ ሲወጣ የክፍያ መተግበሪያው ከጀርባ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ መልካም ፕሮግራመር ሰው ከገጹ ሲወጣ የተሞላውን ያስቀምጣል፣ ሲመለስም መልሶ ያቀርባል። ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት 2013 ቴሌብርን ካስጀመረ ወዲህ ብዙ ሰው ገንዘቡን በስልኩ ያንቀሳቅሳል፤ «ተልኳል ወይስ አልተላከም?» የሚለው ጭንቀት እንደ ቀላል ነገር መታየት የለበትም።

ራምን ከሁሉ በላይ የሚበላው ምስል ነው። አንድ ገበሬ የታመመ የድንች ቅጠል ፎቶ አንስቶ ለግብርና ባለሙያ ሊልክ ነው እንበል። ባለ 12 ሜጋፒክሰል ፎቶ በማከማቻ ላይ ታምቆ 3 ወይም 4 ሜጋ ይሆናል። ሲከፈት ግን እምቁ ይፈታል፤ 4000 በ3000 ነጥብ፣ እያንዳንዱ ነጥብ 4 ባይት፣ በድምሩ 48 ሜጋ። አሥር ፎቶ በአንድ ገጽ የደረደረ መተግበሪያ ግማሽ ጊጋ ያህል ጠየቀ ማለት ነው! መፍትሔው ቀላል ነው፤ ለትንሽ ስክሪን የሚበቃው 1000 በ750 ስለሆነ ከመጀመሪያው በዚያ መጠን መክፈት። ያኔ 48ቱ ሜጋ 3 ይሆናል።

ፊደላችንስ? አንድሮይድ ከ8ኛው እትም ጀምሮ የእንግሊዝኛን ፊደል ራም ላይ በ1 ባይት ሲይዝ፣ የግዕዙን በ2 ባይት ይይዛል። አማርኛም፣ በዚሁ ፊደል የሚጻፈው የአዊ ሕዝብ ቋንቋ አውኚም ማለት ነው። ይህ ግን ማንንም አያስፈራ። 10,000 ፊደል ያለው ጽሑፍ 20 ኪሎባይት ቢወስድ ነው፤ ከአንዱ ፎቶ ጋር አይወዳደርም። በቋንቋችን መተግበሪያ ለመሥራት ፊደሉ ሰበብ አይሆንም።

ሌላው ጠንቅ ቀስ ብሎ የሚመጣው የራም ፍሳሽ ነው። አንድሮይድ ማንም የማይፈልገውን ዕቃ በየጊዜው የሚያነሳ ቆሻሻ ሰብሳቢ አለው። ሰብሳቢው የሚያነሳው ግን ከሥራ ላይ ካለ ነገር ጋር ያልተያያዘውን ብቻ ነው። ስልኩ ጎን ሲዞር አሮጌው ገጽ ፈርሶ አዲስ ይሠራል፤ ገጹ ያስነሳው ቦታ መከታተያ ወይም ሰዓት ቆጣሪ አሮጌውን ገጽ እንደያዘ ከቀረ፣ ሰብሳቢው ምስሎቹን ጨምሮ ይተወዋል። ስልኩ በዞረ ቁጥር አንድ ሙት ገጽ ይጨመራል። አይፎን እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ሌላ መንገድ ይከተላል፤ እያንዳንዱ ዕቃ ስንት ያዥ እንዳለው ተቆጥሮ ዜሮ ሲሆን ይለቀቃል። እዚያም ሁለት ዕቃዎች እርስ በርስ ከተያያዙ ቁጥሩ ዜሮ አይደርስም፤ አንዱን መያዣ ፕሮግራመሩ ራሱ ማላላት አለበት።

በጥቂት ራም መሥራት ግን እንግዳ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የመጀመሪያው የአንድሮይድ ስልክ፣ ኤችቲሲ ድሪም፣ ራሙ 192 ሜጋ ብቻ ነበር። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ ያደረገው አንድሮይድ ጎም ሲጀመር 1 ጊጋና ከዚያ በታች ላላቸው ስልኮች የታሰበ ነበር። እኔን የሚያሳስበኝ 8 ጊጋ ባለው ስልክ ብቻ ተሞክሮ «ይሠራል» ተብሎ ለሕዝብ የሚለቀቀው መተግበሪያ ነው። በአንድሮይድ የገንቢዎች ቅንብር ውስጥ ተጠቃሚው የተወውን ገጽ ወዲያው የሚያፈርስ ማብሪያ አለ። እሱን አብርቶ፣ የክፍያውን ቅጽ ሞልቶ፣ ወደ መልእክት ወጥቶ መመለስ ደቂቃ አይፈጅም። ቁጥሩና የገንዘቡ መጠን በቦታቸው ካልተገኙ መተግበሪያው ገና አላለቀም።