ወርቅ ረክሶ ቀለበት መገበያያ የሆነበት ጨዋታ
«ዲያብሎ 2» ከቀዳሚው የበለጠው በውጊያው ብቻ ሳይሆን በገበያውም ነው

የኮምፒዩተር ጨዋታ የሚሠሩ ኩባንያዎች አንዱ ከተሸጠላቸው ሁለተኛውን ክፍል ለማስከተል ብዙ አያመነቱም። ሸማቹ ከፍሎ ቤቱ ሲገባ የሚያገኘው ግን አብዛኛውን ጊዜ ያንኑ የመጀመሪያውን ዕቃ ነው፤ የተለወጠው ካርቶኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 አጋማሽ ላይ ለገበያ የቀረበው «ዲያብሎ 2» ከዚህ ልማድ የወጣ ነበር። በሁለት ሳምንት ጊዜ ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን ቅጂ በላይ የተሸጠ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላም ለዓመታት ከመደብር መደርደሪያ አልወረደም።

የመጀመሪያው «ዲያብሎ» በ1996 ማብቂያና በ1997 መባቻ ላይ የወጣ ነው። (ስሙ በስፓኝ ቋንቋ ሰይጣን ማለት ስለሆነ ለአማርኛ ጆሮም እንግዳ አይደለም።) የሠራው ዴቪድ ብሬቪክ ከማክስና ከኤሪክ ሼፈር ጋር በካሊፎርኒያ ያቋቋሙት ኮንዶር የተባለ አነስተኛ ድርጅት ሲሆን፣ ጨዋታው ሳያልቅ ብሊዛርድ የተባለው ኩባንያ ገዝቶ ብሊዛርድ ኖርዝ አሰኝቶታል። ተጫዋቹ ትሪስትራም ከምትባል መንደር ተነስቶ ከቤተ ክርስቲያን ሥር 16 ፎቅ እየወረደ አጋንንትን ይገድላል፤ የሚጥሉትን ሰይፍ፣ ጥሩርና ወርቅ ይለቅማል። ዋሻው በአዲስ ጨዋታ ሁሉ ቅርጹን ስለሚለዋውጥ አይሰለችም። ባትል ኔት በሚባለው አገልግሎት በኩልም አራት ሰዎች ያለተጨማሪ ክፍያ አብረው መጫወት ይችሉ ነበር።

ችግሩ የተፈጠረው እዚሁ ላይ ነው። የተጫዋቹ ንብረት ሁሉ የሚመዘገበው በራሱ ኮምፒዩተር ነበር። ይህ ማለት አንድ የባንክ ደንበኛ የቁጠባ ደብተሩን ቤቱ ወስዶ፣ የፈለገውን ቁጥር ጽፎበት፣ በማግሥቱ «ክፈሉኝ» ብሎ እንደመምጣት ያህል ነው። ብዙም ሳይቆይ ሐሰተኛ ሰይፍና ሐሰተኛ ጥሩር ባትል ኔትን አጥለቀለቀው። ወራት ለፍቶ አንድ ጥሩ ዕቃ ያገኘው ሰው፣ በአንድ ሌሊት አሥር ካባዛው ሰው እኩል ሆነ። ግብይቱም ቢሆን ዋስትና አልነበረውም፤ ሁለት ሰዎች ለመለዋወጥ ዕቃቸውን መሬት ላይ ይጥላሉ፣ እጁ የፈጠነው ሁለቱንም አንስቶ ይሮጣል።

ሁለተኛው ክፍል ይህን ከሥሩ ለወጠው። ደብተሩ ከደንበኛው እጅ ወጥቶ ወደ ባንኩ ገባ፤ የተጫዋቹ ማንነትና ንብረት በኩባንያው ሰርቨር ላይ እንዲቀመጥ ተደረገ። ለመለዋወጫም የራሱ መስኮት ተሠራ። ሁለቱም ወገኖች ያላቸውን ያቀርባሉ፣ ይተያያሉ፣ ሁለቱም ሲስማሙ ብቻ ዕቃው እጅ ይለውጣል። ወጪው ቀላል አልነበረም። በዚያ ዘመን «ኤቨርክዌስት»ን የመሰሉ ጨዋታዎች በየወሩ ሲያስከፍሉ፣ ብሊዛርድ ግን ሰርቨሮቹን ሁሉ በነፃ ለመያዝ ወሰነ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሰርቨሮቹ ተጨናንቀው ሸማቹ ክፉኛ ማማረሩ አልቀረም፤ ይሁንና ውሳኔው ትክክል ነበር።

በጨዋታው በራሱም ላይ የታየው ለውጥ ትንሽ አይደለም። በመጀመሪያው ሦስት ዓይነት ተዋጊዎች ነበሩ፤ አስማቱንም ሁሉም ከመጽሐፍ ስለሚማሩት እየቆዩ ሲሄዱ ይመሳሰላሉ። በሁለተኛው አምስት ሆኑ፤ እያንዳንዳቸውም ለራሳቸው ብቻ የሆኑ 30 ችሎታዎች ተሰጣቸው። አንዱ ሙታንን አስነስቶ ያዘምታል፣ ሌላው በሁለት እጁ ሰይፍ ይዞ ይገባል። ከአንዲት መንደርና ከአንድ ጉድጓድ ይልቅ በረሃና ጫካ ያላቸው አራት ሰፊ ምዕራፎች መጡ። አብረው የሚጫወቱት ስምንት ደረሱ። መሮጥ እንኳ የተቻለው በሁለተኛው ነው! ወርቅ ቀድሞ የተጫዋቹን ከረጢት ቦታ ይሻማ ነበር፤ አሁን ቀረ፤ መንደር ውስጥም የዕቃ ማስቀመጫ ሣጥን ተሰጠ።

በጥላና በፍርሃት ረገድ ግን የመጀመሪያው አሁንም አይደረስበትም የሚሉ አሉ፤ አልተሳሳቱም። ሌላም ጉድለት ነበረ። ተጫዋቹ ለችሎታ የመደበውን ነጥብ መመለስ አይችልም፤ ከተሳሳተ ከዜሮ መጀመር ነው። ይህ የታረመው ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2010 ነው።

ለገበያ ታዛቢ እጅግ የሚገርመው ግን የገንዘቡ ጉዳይ ነው። ወርቅ ከእያንዳንዱ ጭራቅ ይፈሳል፣ የሚይዙት መጠን በገደብ ነው፣ ሲሞቱም ይቀነሳል፤ ነጋዴዎቹም ዘንድ የሚያጓጓ ዕቃ እምብዛም የለም። ሥራ ሳይበዛበት የበዛ ገንዘብ መርከሱ አይቀርምና ተጫዋቾቹ ራሳቸው ሌላ መገበያያ መረጡ፤ «ስቶን ኦፍ ጆርዳን» የተባለውን ቀለበት። ለመምረጥ ያበቃቸው ምክንያት ግልጽ ነው። ለማግኘት ያስቸግራል፣ ለሁሉም ዓይነት ተዋጊ ይጠቅማል፣ ከረጢት ውስጥም የሚይዘው አንዲት ቦታ ብቻ ነው። ያለ ማንም አዋጅ የሰይፍና የጥሩር ዋጋ በቀለበት ይቆጠር ጀመር።

ባንኩም ግን ቀዳዳ አላጣም። አጭበርባሪዎች በሰርቨሩም ላይ ቀለበቱን የሚያባዙበት ዘዴ አገኙ። ቀለበቱ በዛ፣ ዋጋው ወረደ፣ በሐቅ የለፋው ተጎዳ። ብሊዛርድ በ2003 ባወጣው ማሻሻያ የወሰደው እርምጃ ገንዘብ ከገበያ የሚሰበስብ ብሔራዊ ባንክ የሚያደርገውን የሚመስል ነበር። ቀለበቱን ለጨዋታው ነጋዴዎች የሚሸጡ ተጫዋቾች ቁጥሩን በበቂ ሲያደርሱ፣ ከወትሮው የከበደ ሰይጣን ይነሳል፤ እሱን የገደለ ሌላ ቦታ የማይገኝ ክታብ ያገኛል። ተጫዋቾቹም ሐሰተኛውን ከእውነተኛው ሳይለዩ ቀለበታቸውን በገዛ ፈቃዳቸው ለነጋዴው ያስረክቡ ገቡ። ገበያውም ቀስ በቀስ «ሩን» ወደተባሉት፣ በ2001 በወጣው ተጨማሪ ክፍል ወደመጡት ፊደል የተቀረጸባቸው ድንጋዮች ዞረ።

ኩባንያው ይህንን ንግድ ራሱ ልያዘው ያለው በሦስተኛው ክፍል ነው። በ2012 የወጣው «ዲያብሎ 3» ዕቃ በእውነተኛ ዶላር የሚሸጥበት የጨረታ ቤት ነበረው፤ ብሊዛርድም ከየሽያጩ ድርሻውን ይቆርጥ ነበር። ውጤቱ ግን ሌላ ሆነ። ጭራቅ ገድሎ ዕቃ ከመፈለግ ይልቅ ገበያ ገብቶ መግዛት ስለቀለለ፣ የሚጫወትበት ምክንያት ጠፋ። ኩባንያው ራሱ ይህንኑ አምኖ ጨረታ ቤቱን በመጋቢት 2014 ዘጋው። «ዲያብሎ 2» በ2021 በአዲስ ሥዕልና በሰፋ ሣጥን ዳግም ሲወጣ ጨረታ ቤት አልተጨመረበትም፤ ተጫዋቾቹ እንደ ጥንቱ እርስ በርስ ተከራክረው በድንጋይ ይገበያያሉ።