የቡና ሽታና የአእምሮ ንቃት

በወልድያና በመርሳ ከተማ፥ በሐብሩም ገጠር ቡና ሲቆላ ምጣዱን ወደ እንግዶች ማቅረብ፥ እንግዳውም ጢሱን በእጁ ወደ ፊቱ እየሳበ ማሽተት የቆየ ልማድ ነው። ስኒው ገና ሳይቀርብ ልቡናው የነቃ የሚመስለው ሰው ጥቂት አይደለም። ይህ ንቃት ከቡናው ኀይል የመጣ ነውን ወይስ ከተስፋ? በጽሕፈትና በትምህርት ለሚውል ሰው ነገሩን መመርመር ይጠቅመዋል።

በቡና ውስጥ ያለው አነቃቂ ነገር ካፌይን ይባላል፤ ጀርመናዊው ሊቅ ፍሪድሊብ ፈርዲናንድ ሩንገ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1819 ዓ.ም. ከፍሬው ለይቶ አወጣው። ሰው ነቅቶ ሲውል አዴኖሲን የሚባል ነገር በአንጎሉ እየተከማቸ ድካምን ያመጣል፤ ካፌይን ግን የአዴኖሲንን ማረፊያ ቀድሞ ይይዝበታል። ስለዚህ ድካሙ ይሸፈናል እንጂ አይጠፋም።

ካፌይን ሽታ የለውም፤ ሲቆላም አብዛኛው በፍሬው ውስጥ ይቀራል። በ2018 በአሜሪካ የስቲቨንስ ተቋም መርማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፥ ካፌይን የሌለበት የቡና መሰል ሽታ በተነፋበት ክፍል የሒሳብ ፈተና የወሰዱት ተማሪዎች ሽታ ከሌለበት ክፍል ከተፈተኑት በልጠው ተገኙ። መርማሪዎቹም ምክንያቱን ሽታው ካሳደረባቸው ተስፋ ጋር አያያዙት። እንግዲህ የጢሱ ንቃት ሐሰት ባይሆንም የካፌይን ሥራ ነው ማለት አይቻልም።

በውጭ አገር ግን ካፌይንን በትንፋሽ ስበው እንዲወስዱት አድርገው የሚሸጡ ነጋዴዎች ተነሥተዋል። በ2012 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት ለአንዱ ኩባንያ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈ፤ ካፌይን ወደ ሳንባ ሲገባ የሚያደርሰው ነገር በሚገባ አልተመረመረምና።

የዋድላ ቅኔ ቤት ተማሪ የመጀመሪያውን ቤት በልቡ ይዞ ሁለተኛውን ሲያስማማ፥ ጸሐፊውም ቍጥርን ከመዝገብ ወደ መዝገብ ሲያዛውር፥ ሁለቱም የሚሠሩት ለጥቂት ጊዜ በሚቈይ ትውስታ ነው። ቡና የደከመውን ሰው ትኵረት ሊመልስለት ይችላል፤ የተማረውን የሚያጸናለት ግን እንቅልፍ ነው። በጤነኛ ሰው ሰውነት ውስጥ የካፌይኑ እኵሌታ እስኪወጣ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃልና፥ ለትምህርት ብሎ ማታ ቡና የሚያበዛ ሰው ትምህርቱን የሚያጸናበትን እንቅልፍ ያጣል።

ደግሞም ጢሱን ከሁሉ አብልጣ የምትስበው ከከሰሉ አጠገብ የተቀመጠችው ቈዪዋ ናት። በተዘጋ ቤት የከሰል እሳት ሽታ የሌለው ገዳይ አየር ያወጣል፤ ስለዚህ ቡና ሲፈላ በሩንና መስኮቱን መክፈት ይገባል። ቡናችን ለወዳጅነትና ለቀን ሥራ ይቅረብ፤ ሌሊቱ ግን ለዕረፍት ይተው፤ ያላረፈ አእምሮ የተሰጠውን ሊይዝ አይችልምና።