ፖርቴክ፦ ሕክምና መቀነስን ያስተማሩ ሙከራዎች

የማህፀን ካንሰር ይዟት ማህፀኗ በቀዶ ሕክምና የወጣላት ሴት ቁስሏ ሳይጠግግ አንድ ጥያቄ ይጠብቃታል። ይብቃት ወይስ ጨረር ይጨመርላት? ለብዙ ዘመን የሐኪሞች ልማድ ወደ መጨመሩ ያደላ ነበር። ጨረሩ ዕድሜ ያስረዝም እንደሆነ ግን አጥጋቢ ማስረጃ አልነበረም። ማስረጃውን ለማግኘት የተነሱት የኔዘርላንድስ ሐኪሞች ናቸው፤ ሙከራዎቻቸው ፖርቴክ በሚል ስም ይታወቃሉ። ካሪን ክሩትስበርግ የተባሉ የጨረር ሕክምና ስፔሻሊስት ከመጀመሪያው አንስቶ ሥራውን መርተዋል።

እዚህ የምናወራው ከማህፀን የውስጥ ግድግዳ ስለሚነሳው ካንሰር ነው። በአገራችን ብዙ ሴቶችን የሚያጠቃው፣ ኤችፒቪ በተባለው ቫይረስ የሚመጣው የማህፀን በር ካንሰር ሌላ በሽታ ነው፤ ሕክምናውም ለየቅል ነው። የግድግዳው ካንሰር በአብዛኛው የሚይዘው የወር አበባቸው የቆመ ሴቶችን ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ደም ማየት ዋናው ምልክት ነው። ደሙ ስለሚያጋልጠው ብዙዎቹ በሽታው ከማህፀን ሳይወጣ ይደረስባቸዋል።

የመጀመሪያው ፖርቴክ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1990 እስከ 1997 ከ700 በላይ ሴቶችን መዘገበ። ሁሉም ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸዋል። ከዚያ ገሚሱ ዳሌያቸው ጨረር እንዲያገኝ፣ ገሚሱ ደግሞ ያለ ተጨማሪ ሕክምና ክትትል ብቻ እንዲደረግላቸው ተመደቡ። መዳቢው ዕጣ ነው። በሰው ሕይወት ዕጣ ይጣላል ወይ ብሎ የሚቆጣ አይጠፋም፤ ቁጣው ይገባኛል። ነገር ግን ምርጫው ለሐኪሙ ቢተው፣ በሽታዋ የከበደባትን ወደ ጨረር፣ የቀለለላትን ወደ ቤቷ መላኩ አይቀርም። ኋላ ላይ አንዷ ብትሞት በበሽታዋ ክብደት ይሁን በሕክምናው ጉድለት ማን ይለያል? ዕጣው የሚፈቀደውም የትኛው እንደሚሻል ባለሙያዎቹ በእውነት ሳያውቁ ሲቀሩና ታካሚዋ ተነግሯት ስትስማማ ብቻ ነው።

ውጤቱ በ2000 ላንሴት መጽሔት ላይ ወጣ። በ5 ዓመት ውስጥ ካንሰሩ በብልት ወይም በዳሌ ውስጥ የተመለሰባቸው ጨረር ካልወሰዱት 14 በመቶ፣ ከወሰዱት 4 በመቶ ነበሩ። በሕይወት መቆየት ላይ ግን ልዩነት አልታየም፤ እንዲያውም አኃዙ ላልወሰዱት 85፣ ለወሰዱት 81 በመቶ ነበር፤ ይህች ልዩነት ግን ከአጋጣሚ የማታልፍ ናት። ምክንያቱ የሚገኘው በሽታው የተመለሰበት ቦታ ላይ ነው። አብዛኛው የተመለሰው ብልት ላይ ነበር፤ ጨረር ያልቀመሰችው ሴት ደግሞ ያኔ ጨረር ተሰጥቷት የመዳን ሰፊ ዕድል አላት።

በሽታው የሚመለሰው እዚያች ቦታ ከሆነ መላ ዳሌን ማቃጠል ለምን አስፈለገ? ሁለተኛው ፖርቴክ ከ2002 እስከ 2006 ይህንኑ በ427 ሴቶች ፈተነ። በአንዱ ወገን ያሉት በሳምንት 5 ቀን፣ በጠቅላላው 23 ጊዜ ከውጭ የሚመጣ ጨረር ወሰዱ። ለሌሎቹ ለስላሳ የፕላስቲክ ሲሊንደር ብልታቸው ውስጥ ይገባል፤ ማሽኑ ከሽቦ ጫፍ ላይ ያለችን የሩዝ ፍሬ የምታህል ጨረር አመንጪ ወደ ሲሊንደሩ ይልካትና ከደቂቃዎች በኋላ መልሶ ይስባታል። ይህ በብዙዎቹ ዘንድ በሳምንት ልዩነት 3 ጊዜ ተደርጎ ያበቃል። በብልት የተመለሰው ካንሰር በ5 ዓመት በሲሊንደሩ ከታከሙት 1.8፣ ከውጭ ጨረር ከወሰዱት 1.6 በመቶ ሆነ፤ ያው ነው ማለት ይቻላል። ሕክምናው ሲያልቅ በተቅማጥና በመሰል የአንጀት ችግር የተቸገሩት ግን ከውጭ ጨረር ከወሰዱት 54 በመቶ ገደማ፣ በሲሊንደሩ ከታከሙት 13 በመቶ ያህል ነበሩ። የጨረር ወረፋ በሚረዝምበት እንደኛ ባለ አገር 23 ቀጠሮ ወደ 3 መውረዱ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያሻም፤ መሣሪያውና ባለሙያው ከተገኙ ነው እንጂ።

ሦስተኛው ፖርቴክ ፊቱን ወደ ከባዱ በሽታ አዞረ። ከ2006 እስከ 2013 በበርካታ አገሮች የተመዘገቡ 686 ሴቶች ጨረር ብቻ ወይም ጨረርና ኬሞ ወሰዱ። ኬሞው በጨረሩ ጊዜ 2 ዙር ሲስፕላቲን፣ ከዚያ 4 ዙር ካርቦፕላቲንና ፓክሊታክሴል ነበር። በ2018 በወጣው ውጤት ኬሞ ከተጨመረላቸው 81.8 በመቶ፣ ካልተጨመረላቸው 76.7 በመቶ 5 ዓመት ኖረዋል። ሒሳቡ ግን ይህ በአጋጣሚም ሊመጣ ይችላል አለ። በ2019 ክትትሉ ረዝሞ እንደገና ሲሰላ አኃዙ 81.4 እና 76.1 ሆነ፤ አሁን ልዩነቱ በአጋጣሚ ይመጣል ለማለት አስቸጋሪ ሆነ። የአምስት ነጥቧ ልዩነት እንዳለች ናት፤ የተለወጠው የታየው ጊዜ ነው። በመጀመሪያው ዜና ኬሞ አይጠቅምም ብሎ የደመደመ ሐኪም በዓመቱ ምን እንዳለ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ዋጋውም ቀላል አልነበረም። በሕክምናው ወቅት ከባድ ጉዳት የገጠማቸው ኬሞ ከተጨመረላቸው 60 በመቶ ሲሆኑ፣ ጨረር ብቻ ከወሰዱት ግን 12 በመቶ ነበሩ። ከ2 ዓመት በኋላ እንኳ ኬሞ ከወሰዱት ሩቡ እጅና እግራቸው ክፉኛ እንደሚደነዝዝ ተናግረዋል። አዝራር መቆለፍ ትግል ሲሆንባት አንዲት ሴት አምስት ነጥቧን በሌላ ሚዛን ትመዝናታለች።

ስለዚህ ኬሞው የሚጠቅመው ለማን ነው? መልሱ የተገኘው በሰም ውስጥ ተቀብረው ከተቀመጡት የዕጢ ናሙናዎች ነው። ተመራማሪዎቹ ከ400 በላይ ናሙናዎችን አውጥተው በዘረመል ጠባያቸው በአራት መደቧቸው፤ ውጤቱ በ2020 ታተመ። ፒ53 የተባለው ዘረመል በተበላሸባቸው፣ እጅግ ክፉ በሆነው ዓይነት፣ ካንሰሩ ሳይመለስ 5 ዓመት የቆዩት በጨረር ብቻ 36፣ ኬሞ ሲጨመር 59 በመቶ ሆኑ። ዲኤንኤ የሚጠግነው ሥርዓት በተበላሸባቸው ግን ኬሞው የጨመረው ነገር አልታየም። ፖል-ኢ የተባለው ዘረመል በተለወጠባቸው ደግሞ በየትኛውም ወገን ቢሆኑ 98 በመቶ ያህሉ ሳይመለስባቸው ቀረ። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ከሁሉ የሚያስፈራ ዕጢም ከእነዚህ ውስጥ ነበር።

ጎግ 258 የተባለው የአሜሪካኖቹ ሙከራ በ2019 ጥያቄውን ገልብጦ፣ ኬሞ ለሚወስዱ ጨረር መጨመር ይጠቅማል ወይ ብሎ ከ800 በላይ ሴቶችን ፈትኖ ነበር፤ በጠቅላላው ልዩነት አላገኘም። እነሱ ግን ሁሉንም ዓይነት ዕጢ በአንድ ላይ ነው የመዘኑት።

አሁን የሚካሄደው ሬይንቦ የተባለው መርሐ ግብር ለእያንዳንዱ ዓይነት የራሱን ሙከራና የራሱን ቀለም ሰጥቷል። ቀዩ ለፒ53 ሲሆን ከኬሞና ከጨረር በኋላ ኦላፓሪብ የተባለ መድኃኒት ይጨምራል። አረንጓዴው በጨረር ላይ የሰውነትን መከላከያ የሚያነቃ መድኃኒት ያክላል። ሰማያዊው ለፖል-ኢ ነው፤ የሚፈትነውም ሕክምናውን መቀነስ፣ ሲቻልም ጨርሶ መተውን ነው።