የስሜን መንገድ፦ ዘግይቶ የመጣ ጥያቄ

ከጎንደር ተነስቶ በደባርቅ በኩል ወደ ጃን አሞራ የሚሄድ መኪና የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን ያቋርጣል። ሳንቃበርንና ጨነቅን አልፎ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው የቧሂት ማለፊያ አድርጎ ወደ መካነ ብርሃን ይወርዳል። ምጥ የያዛት እናት በቃሬዛ ለምትወሰድበት ደጋ የመንገድ አስፈላጊነት አያከራክርም። ሲያከራክር የኖረው በየት ይለፍ የሚለው ነው።

ፓርኩ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረው በ1970 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። በ1989 ዓ.ም. ግን አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ ገባ። ፓርኩን የሚያቋርጠው፣ ያኔ አዲስ የነበረው መንገድ፣ የእርሻ መስፋፋትና ልቅ ግጦሽ ዋልያን ጨምሮ ትልልቅ የዱር እንስሳትን እያመናመኑ ነው ተባለ። ከዝርዝሩ የወጣው ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ2009 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ለትራፊኩ ተለዋጭ መንገድ መሠራቱ ነበር።

ገደላማ አገር ላይ የመንገድ ሥራ ጉዳት የሚጀምረው ከቆረጣው ነው። ዶዘር ከላይ የቆረጠውን አፈርና ድንጋይ ወደ ገደሉ ከገፋው፣ ቁልቁል ያለውን ሣርና ቁጥቋጦ ይቀብረዋል። ቀጥሎ ውሃው አለ፦ በተዳፋቱ ተበትኖ ይወርድ የነበረው ጎርፍ በመንገዱ ቦይ ተሰብስቦ በአንድ ቱቦ ይወጣል። መውጫው በድንጋይ ካልተነጠፈ በጥቂት ክረምት ቦረቦር ይሆናል፤ የታችኛው ገበሬ ማሳም ይሸረሸራል። ጠጠር የወጣበት ካባም ካልተደለደለ ጉድጓድ ሆኖ ይቀራል።

የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 የወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ ስሜን አደጋ ላይ ነው ከተባለ ከስድስት ዓመት በኋላ። አዋጁ ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ያለ ፈቃድ እንዳይጀመር ይከለክላል፤ የጥናቱ ሪፖርትም ለሕዝብ አስተያየት ክፍት እንዲሆን ያዛል።

ሆኖም ግምገማ የሚጠቅመው መስመር ሳይመረጥ ከተደረገ ነው። ንድፉ ካለቀ በኋላ የመጣ ጥናት መስመር አያስቀይርም፤ ቢበዛ ችግኝ ያስተክላል። ካባ መደልደልና ቱቦ መውጫ ማንጠፍም በውሉ የክፍያ ዝርዝር ካልገቡ ሥራ ተቋራጩ የሚሠራበት ምክንያት የለውም፤ ተቆጣጣሪውም የሚይዝበት አንቀጽ ያጣል። ስለዚህ መንገድ ሊወጣለት የታሰበ ቀበሌ ነዋሪ ሪፖርቱን አሳዩን ማለት ያለበት ውሉ ሳይፈረም ነው።