ጣሳ፣ ቁልልና ሚዛን፦ ፊዚክስ በእህል ገበያ

የዕረፍት ቀኑን ያለ ችኮላ በገበያ ውስጥ እየተዘዋወረ ለሚያሳልፍ ሰው፣ የመርካቶው እህል በረንዳም ሆነ ሾላ ገበያ ሰፊ ቤተ ሙከራ ነው። ሽንብራው በጆንያ አፍ ላይ ተቆልሏል፤ ቲማቲሙ በመደብ በመደብ ተደርድሯል፤ ምስሩ በጣሳ ይሰፈራል፤ ድንቹ በሚዛን ይመዘናል። በዚህ ጽሑፍ ገበያውን በዝግታ እየዞርን አንድ ጥያቄ እናነሣለን። «አንድ ጣሳ» ስንል በእርግጥ ምን ያህል እህል ማለታችን ነው?

ጥያቄው ቀላል መስሎ ቢታይም ከኪስ ጋር የተያያዘ ነው። አቅም ያለው ሸማች በኩንታልና በኪሎ ሲገዛ፣ ለዕለት ጉርሱ የሚሸምተው ብዙውን ጊዜ በጣሳ፣ በኩባያና በመደብ ይገዛል። ስለዚህ በስፍር ላይ የሚፈጠር ልዩነት አብዝቶ የሚነካው በትንሽ በትንሹ የሚገዛውንና የሚሸጠውን ነው።

በጣሳው ውስጥ ያለው አየር

ጣሳ የሚለካው ይዘትን ነው፤ ሚዛን ደግሞ መጠነ ቁስን ያነጻጽራል። በጣሳው ውስጥ ምን ያህል እህል እንዳለ የሚወስነው በፍሬዎቹ መካከል የቀረው አየር ነው። እኩል መጠን ያላቸውን ሉሎች እጅግ አጠጋግተን ብንደረድር የቦታውን ስንት እጅ ልንሞላ እንችላለን? ዮሐንስ ኬፕለር እ.ኤ.አ. በ1611 ባሳተመው ጽሑፍ እንደገመተው፣ ከሁሉ የጠበቀው አደራደር ብርቱካን ሻጮች ብርቱካናቸውን በፒራሚድ ቅርጽ ሲከምሩ የሚጠቀሙበት ነው፤ እርሱም የቦታውን 74 በመቶ ያህል ይሞላል። ቶማስ ሄልስ የተባለው አሜሪካዊ የሒሳብ ሊቅ የዚህን ግምት ማረጋገጫ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1998 ነበር፤ በኮምፒውተር የተካሄደው ዝርዝር ፍተሻም በ2014 ተጠናቀቀ።

ወደ ጣሳ የሚንቆረቆረውን ሽንብራ ግን ማንም አይደረድረውም። ሉሎች በዘፈቀደ ተጨምረው በደንብ ሲነቀነቁ 64 በመቶ ገደማ ይሞላሉ፤ በዝግታ ፈስሰው ሳይነቀነቁ ሲቀሩ ግን ወደ 58 በመቶ ሊወርዱ ይችላሉ። ሽንብራ ፍጹም ሉል ባይሆንም ጠባዩ ተመሳሳይ ነው። በእነዚህ ቁጥሮች ብናሰላ፣ የተነቀነቀው ጣሳ ካልተነቀነቀው በ10 በመቶ የሚበልጥ እህል ይይዛል። ሸማቿ «እስቲ ነቅነቅ አድርጊው» የምትለው በከንቱ አይደለም!

ንቅናቄ ሌላም ሥራ አለው። ፍሬዎቹ ሲነቃነቁ ትናንሽ ክፍተቶች ይፈጠራሉ፤ ስባሪውና ደቃቁ በእነርሱ እየሾለከ ወደ ታች ሲሰርግ ትልልቁ ከላይ ይቀራል። ከሩቅ አገር በመኪና እየተንገጫገጨ የመጣ ጆንያ አፉ ላይ ያማረ እህል ቢያሳየን፣ ሻጩ ሆን ብሎ አደረገው ማለት ላይሆን ይችላል። ልምድ ያለው ገዢ እጁን ወደ ጆንያው ውስጥ ጠልቆ የሚዘግነው ለዚህ ነው።

የቁልሉ ምሥጢር

እህል በጣሳ አፍ ላይ ሲቆለል የሾጣጣ ቅርጽ ይይዛል። ፍሬዎቹ እርስ በርስ በሚያደርጉት ሰበቃ ምክንያት የቁልሉ ተዳፋት ከተወሰነ ማዕዘን በላይ አይቆምም፤ የሚጨመረው ሁሉ ይንሸራተታል። ለብዙ እህሎች ይህ ማዕዘን ከ25 እስከ 30 ዲግሪ አካባቢ ነው።

አሁን እኩል ይዘት ያላቸው ሁለት ጣሳዎች እንውሰድ። የአንደኛው አፍ ሬዲየስ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 12 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የሁለተኛው ሬዲየስ 7.5፣ ቁመቱ 5.3 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ማዕዘኑ 27 ዲግሪ ቢሆን፣ በጠባቡ ላይ የሚቆመው ቁልል የጣሳውን ይዘት 7 በመቶ፣ በሰፊው ላይ የሚቆመው ግን 24 በመቶ ያህል ይሆናል። እንግዲህ በሰፊ ጣሳ ቆልላ የምትሰፍር ባለ አንድ ጆንያ ሻጭ፣ ምርቃቱን ሳትጨምር እንኳ ከትርፏ ብዙ እየሰጠች ነው። አፉ እኩል ተደርጎ ከተሰፈረ ግን በጣሳዎቹ መካከል ልዩነት የለም።

ሚዛንስ ይታመናል?

ባለ ሁለት ሰሃን ሚዛን የሚያነጻጽረው የክብደትንና የክንድ ርዝመትን ብዜት ነው። አንዱ ክንድ 20፣ ሌላው 21 ሴንቲ ሜትር ቢሆንና ሰሃኖቹ ልዩነቱን እንዲያካክሱ ቢደረጉ፣ ሚዛኑ ባዶውን ሲሆን ፍጹም የተስተካከለ ይመስላል። ነገር ግን የ1 ኪሎው መመዘኛ በአጭሩ ክንድ፣ ድንቹ በረጅሙ ክንድ ላይ ሲሆን ገዢው የሚያገኘው 952 ግራም ብቻ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ሁለት ኪሎ ስንገዛ አንዱን ኪሎ እንደተለመደው እናስመዝን፤ ለሁለተኛው ግን መመዘኛውና ድንቹ ቦታ ይለዋወጡ። በዚህኛው ዙር 1,050 ግራም ይደርሰናል፤ ድምሩ 2,002 ግራም ይሆናል። ክንዶቹ እኩል ባልሆኑ ቁጥር ድምሩ ምንጊዜም ከሁለት ኪሎ በጥቂቱ ይበልጣል። ለምን እንደሆነ በአልጀብራ ማሳየቱን ለአንባብያን ትተናል።

ውድ ተማሪዎች፣ አንድ ጣሳ፣ ጥቂት ሽንብራና አንድ ሚዛን ካላችሁ ከላይ ያልነውን ሁሉ በቤታችሁ መፈተን ትችላላችሁ። የመለኪያን ጠባይ ማወቅ ገዢና ሻጭ ሳይጠራጠሩ እንዲገበያዩ ይረዳል፤ ሳይንስም ለሕዝብ ከሚሰጣቸው ጥቅሞች አንዱ ይኸው ነው።