ብረትን በጠጠር መደብደብና የባሌስትራ ዕድሜ

ዝገትና አሮጌ ቀለም ለማስለቀቅ በኮምፕረሰር ግፊት አሸዋ ወይም የብረት ጠጠር መርጨት በየጋራዡና በየፋብሪካው የታወቀ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ይህ አሠራር ገጹን ከማጽዳት አልፎ የብረቱን ጠባይ እንደሚለውጥ ብዙ ባለንብረቶች አያስተውሉም። ለውጡም እንደ አሠራሩ የዕቃውን ዕድሜ ያረዝማል ወይም ያሳጥራል።

የነገሩ ምክንያት ይህ ነው። እያንዳንዱ ጠጠር ብረቱን ሲመታ የላይኛውን ገጽ በጥቂቱ አጎድጉዶ ወደ ጎን ይለጥጠዋል። የውስጠኛው ክፍል ግን አብሮ ስላልተለጠጠ የተዘረጋውን ገጽ ወደ ቀድሞ ስፍራው መልሶ ይስበዋል። ስለዚህ ገጹ ሸክም ሳይኖርበት እንደ ተጨመቀ ይቀራል። መሐንዲሶች ያለ ሸክም በብረት ውስጥ የሚቀረውን እንዲህ ያለ ኀይል «ቅሪት ውጥረት» ይሉታል። የተጨመቀው ገጽ ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሚሊሜትር በታች ነው።

ጥቅሙ በካሚዮን ባሌስትራ ላይ ጐልቶ ይታያል። ባሌስትራ ደጋግሞ ሲተጣጠፍ ስንጥቅ የሚጀምረው ሸክሙ በሚስበው ገጽ ላይ ነው። ያ ገጽ አስቀድሞ የተጨመቀ ከሆነ ሸክሙ በመጀመሪያ ጭምቀቱን ማሸነፍ ስላለበት ስንጥቁ ይዘገያል። ስለዚህ ጥሩ ፋብሪካዎች ይህን ገጽ በድቡልቡል የብረት ፍሬ ይደበድቡታል።

የድብደባውን ኀይል ለመለካት የጄኔራል ሞተርስ መሐንዲስ ጆን አልሜን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1940ዎቹ ቀላል ዘዴ አበጀ። 76 ሚሊሜትር ርዝመትና 19 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ስስ የብረት ቁራጭ በአንድ ወገን ብቻ ሲደበደብ ይጎብጣል፤ የጉብጠቱም ከፍታ የድብደባው መለኪያ ይሆናል።

ሹል አሸዋና ስብርባሪ ጠጠርም ገጹን ይጨምቃሉ። ነገር ግን የሚተዉት ጭረት ለስንጥቅ መነሻ ሊሆን ይችላል። ሻካራነቱ ቀለም አጥብቆ ለመያዝ ይረዳል እንጂ ለባሌስትራ አይበጅም። ስስ ላሜራም በአንድ ወገን ብቻ በኀይል ከተረጨ ልክ እንደ አልሜን ቁራጭ ይጣመማል።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው እሳት ነው። የተደበደበ ባሌስትራ በብርቱ ቢሞቅ ወይም ቢበየድ የተገኘው ጭምቀት ይላላል፤ የብረቱም ጥንካሬ ይጐዳል።

የተደበደበና ያልተደበደበ ባሌስትራ ቀለም ከተቀቡ በኋላ በዐይን አይለዩም። ስለዚህ ዕቃውን የሚያስመጣ ነጋዴ ትእዛዝ ሲሰጥ የሚሳበው ገጽ በድቡልቡል ፍሬ መደብደቡን በጽሑፍ ቢጠይቅ ይጠቀማል። በዋጋ ረገድ የተገኘው ጥቂት ቅናሽ ካሚዮን ከነጭነቱ መንገድ ላይ ሲቆም ከሚደርሰው ኪሳራ ጋር አይመዛዘንምና።